ስለ ትንሽ ከተማ ቤተ መጻሕፍት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የትንሽ ከተማ ቤተ መጻሕፍት በጀቱ ሲቀነስ፣ ክፍሉ ለሌላ ቢሮ ሲሰጥ ወይም ጡረታ የወጣው ሠራተኛ ሳይተካ ሲቀር፣ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ቤቱ ምን እንደሚሠራ በትክክል አለመታወቁ ነው። ቀጥሎ ያሉትን ግምቶች ወሳኞቹም፣ አንዳንዴ ሠራተኞቹ ራሳቸውም፣ እንደ እውነት ይዘዋቸዋል።

«ቤተ መጻሕፍት የተማሪ ማጥኛ ነው»

ተማሪ ትልቁ ተጠቃሚ መሆኑ አይካድም። ግን የራሱን ደብተር ይዞ መጥቶ ወንበርና መብራት ብቻ ተጠቅሞ ከሄደ ያገኘው የማጥኛ ክፍል ነው። ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን (ኢፍላ) እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጡት፣ በ2022 ደግሞ ያሻሻሉት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ማኒፌስቶ አገልግሎቱ በዕድሜ፣ በጾታ፣ በሃይማኖትና በቋንቋ ሳይለይ ለሁሉም እኩል፣ በመርህ ደረጃም በነጻ እንዲሰጥ ይጠይቃል።

ያለው ክፍል አንድ ብቻ ከሆነ ሰዓት መከፋፈል ነው። ተማሪው ትምህርት ላይ በሚሆንበት ሰዓት ወንበሩ ባዶ ነው፤ ያ ጊዜ ለሕፃናት፣ ለአረጋውያንና ፊደል ለሚቆጥሩ ጎልማሶች ይዋል። ከ3 እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች የተረት ሰዓት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ሁለት ሦስት አጫጭር ባለሥዕል መጻሕፍት፣ በመሃሉ መዝሙርና እንቅስቃሴ። አንባቢው መጽሐፉን ጭኑ ላይ ካደረገው ልጆቹ ሥዕሉን አያዩም፤ ገጹን ወደ እነሱ አዙሮ በትከሻው ከፍታ ከጎኑ ይያዝ። የ3 እና የ9 ዓመት ልጅ አብረው ሲቀመጡ አንዱ አይገባውም፣ ሌላው ይሰለቸዋል፤ ጥሩ የተጀመረ ፕሮግራም ቶሎ የሚበተነው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ጫጫታን ደግሞ ከቁጣ ይልቅ የዕቃ አቀማመጥ ይቀንሰዋል፦ የልጆች ጥግ በሩ አጠገብ፣ የማጥኛ ጠረጴዛ ከበሩ ርቆ፣ በመካከላቸው መጻሕፍት የተደረደሩበት መደርደሪያ።

«መጽሐፍ በበዛ ቁጥር ይሻላል»

ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ይህኛው ነው። መደርደሪያ ጢም ብሎ ሲሞላ አንባቢ መጽሐፉን ለማውጣት ጣቱን ከጀርባው ጫፍ ላይ አድርጎ ወደ ራሱ ይስባል፤ የሽፋኑ ጀርባ ከላይ በኩል መቀደድ የሚጀምረው እዚያው ነው። ትክክለኛው አወጣጥ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት መጻሕፍት ትንሽ ወደ ውስጥ ገፋ አድርጎ፣ የሚፈለገውን ከጀርባው መካከል ጨብጦ ማውጣት ነው። ለዚህም ቦታ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ መደርደሪያ ሩብ ያህሉ ባዶ ይሁን።

ይዘቱም ያረጃል። ጊዜው ያለፈበት የመድኃኒት መመሪያ፣ ከተሻሻለ በኋላም ያልተቀየረ የሕግ መጽሐፍ፣ ዛሬ የሌለ የኮምፒውተር ፕሮግራም ማስተማሪያ መደርደሪያ ላይ መቆየታቸው አንባቢን ያሳስታል። የአካባቢውን ታሪክ የያዘ ጽሑፍ ግን የቱንም ያህል ቢያረጅ አይወገድም፤ ሌላ ቦታ ላይገኝ ይችላል። ማጣራቱ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክፍል በክፍል ይሠራ። የመጨረሻው የውሰት ቀን ይታያል፤ ሦስት ዓመት ያልተነካ መጽሐፍ ተለይቶ ይወጣል፤ ከዚያ ይዘቱ፣ አካሉና ሌላ ቅጂ መኖሩ ይመረመራል። የሚወገደው ቢያንስ በሁለት ሰው ፊርማ ከመዝገብ ተሰርዞ «ተሰርዟል» የሚል ማኅተም ይደረግበታል። በብዙ ቦታ መጽሐፍ እንደ ቋሚ ንብረት ስለሚመዘገብ ሠራተኛው እንዳይጠየቅ ፈርቶ የበሰበሰውን ሁሉ ያቆያል። በኃላፊዎች የጸደቀ የአንድ ገጽ መመሪያ ይህን ስጋት ያነሣለታል።

ስጦታም በዚሁ መመሪያ ይዳኝ። የከተማው ሰው በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ ሁለት መቶ መጽሐፍ ሲመጣ ለመመዝገብና ለመደርደር የሚጠፋው ጉልበት ከሌላ ሥራ የተወሰደ ነው። ስጦታ ሲቀበሉ የማይስማማውን ለሌላ የማስተላለፍ መብት የቤቱ መሆኑን ለሰጪው አስቀድሞ መንገር ያሻል። የመጣው ካርቶን በቀጥታ ወደ መደርደሪያ አይግባ። ሻጋታ የሸተተው መጽሐፍ ካለ ተለይቶ ይቀመጥ፤ የክፍሉ የአየር እርጥበት ከ65 በመቶ ሲያልፍ ሻጋታ ያለ ችግር ያድጋል፣ ወደ ሌሎቹም ይዛመታል።

«ከተዋሰ አይመለስም»

ቁም ሳጥን ውስጥ የተቆለፈ መጽሐፍ አይጠፋም፤ ማንም ግን አያነበውም። ሕንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1931 ካስቀመጧቸው አምስት ሕጎች የመጀመሪያው መጻሕፍት ለአገልግሎት ናቸው የሚል ነው። ለጀማሪ ሁለት መጽሐፍ ለ14 ቀን፣ ሌላ ሰው ካልጠየቀው አንድ ጊዜ ማደስ፣ መመለሻው ሁለት ቀን ሲቀረው አጭር የስልክ መልእክት፦ ይህ ሥርዓት ብዙውን ይመልሳል። የገንዘብ ቅጣት የሚያርቀው መክፈል የማይችለውን ነው፤ መጽሐፉን ይዞ ተሸማቆ ይቀራል። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር በጥር 2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው የአቋም መግለጫ የመዘግየት ቅጣትን የማኅበራዊ ኢፍትሐዊነት አንዱ መልክ ብሎታል፤ በዚያው ዓመት የቺካጎ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ቅጣቱን አንሥቷል። ያጠፋ ግን ያንኑ ወይም ተመጣጣኝ መጽሐፍ ይተካ።

ማን ምን እንደተዋሰ ለሦስተኛ ወገን አይነገርም። ስለ አንድ በሽታ ያነበበ ሰው ጎረቤቱ እንደሚያውቅበት ከጠረጠረ ዳግመኛ አይመጣም።

«የተቀደደ ገጽ በፕላስተር ይጠገናል»

አይጠገንም። የፕላስተሩ ሙጫ እየቆየ ቢጫ ይሆናል፣ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል፣ ፕላስቲኩም ይላጣል። ስስ ግን ጠንካራ ወረቀት በቀጭኑ ቀዶ፣ በውኃ በስሎ በቀዘቀዘ የስንዴ ስታርች ሙጫ በስሱ መለጠፍ፣ ከላይና ከታች ላስቲክ አድርጎ ክብደት ጭኖ ማሳደር ይሻላል።

«ስልክ ስላለ ቤተ መጻሕፍት ቀረ»

ስልክ ያለው ሰው ሁሉ የኢንተርኔት ዋጋ የሚችል አይደለም። ኪዊክስ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል፤ ራስቤሪ ፓይ በምትባል ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ሲጫን በዋይፋይ ለአንባቢዎች ስልክ ያሰራጫል። ሙሉው የእንግሊዝኛ ዊኪፔዲያ ከነሥዕሉ ከ100 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ 256 ጊጋባይት ሜሞሪ ካርድ ይገዛ። መብራት በድንገት ሲጠፋ ካርዱ ሊበላሽ ስለሚችል መጠባበቂያ ባትሪ ያስፈልጋል።

«ቁልፍ የሚይዝ ሰው ይበቃል»

አንድ ሰው መጥቶ «የጤና መጽሐፍ አለ?» ይላል። ባለሙያው መደርደሪያውን ከማሳየቱ በፊት «ስለ ምን ማወቅ ፈልገው ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ጉዳዩ እናቱ የስኳር ሕመም እንዳለባቸውና ምን መብላት እንደሚገባቸው መሆኑ ይወጣል። መጻሕፍትን በርዕሰ ጉዳያቸው ቁጥር እየሰጠ በሚለየው፣ እ.ኤ.አ. ከ1876 ጀምሮ በሚሠራበት የዴዌይ ምደባ በሽታው 616.462 ላይ ይገኛል፤ የምግብ አዘገጃጀቱ ግን 641.5 ሥር ስለሆነ ሌላ መደርደሪያ ላይ ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው ምደባውን የሚያውቅ ሰው ነው። ሕክምና ነክ ምክር ግን አይሰጥም፤ መጽሐፉን አቅርቦ ወደ ሐኪም ይመራል።

ተጠይቆ ያልተገኘው ነገር ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ባለ ደብተር ይጻፍ፦ ቀኑ፣ የተጠየቀው ርዕስ፣ የጠያቂው የዕድሜ ክልል፤ ስም አያስፈልግም። የግዢ ጊዜ ሲደርስ ከሻጭ ዝርዝር በፊት የሚገለጠው ይህ ደብተር ነው፤ በጀት ሲጠየቅም ቅጂው ከማመልከቻው ጋር ይያያዛል።