ሹራቡን ገልብጦ የለበሰው ልጅ፦ ስለ ልብስ ልገሳ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ተማሪ ሳለሁ የበጎ አድራጎት ክበባችን ለችግረኛ ልጆች ልብስ የሚያድል አንድ የአካባቢ ማኅበርን ያግዝ ነበር። አንድ ዓመት ሹራብ አሳተምን። ደረቱ ላይ የክበባችን ስም በትልቁ፣ ከሥሩ ደግሞ «በፍቅር የተለገሰ» ይላል። ሲያምር! ከሁለት ሳምንት በኋላ ሹራቡ ከደረሳቸው ልጆች አንዱን መንገድ ላይ አየሁት። ለብሶታል። ግን ገልብጦ ነው የለበሰው። ስፌቱ ከውጭ፣ ጽሑፉ ከውስጥ። ብርድ ስለነበር ሹራቡን ፈልጎታል። ማስታወቂያችንን ግን አልፈለገውም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ቅዳሜዬን ያሳለፍኩት ከልብስ ክምር ጋር ነው። ተማሪዎች፣ መምህራንና ለጋሾች ደጋግመው የሚሏቸውን ነገሮች በቃሌ ይዣቸዋለሁ። አብዛኞቹ ከቅን ልብ የመጡ ናቸው። ስህተትነታቸው ግን አይቀርም።

«ከምንም ይሻላል»

ይህቺ አባባል ስንት ማዳበሪያ ሙሉ ቆሻሻ እንዳመጣችብን እኔ ነኝ የማውቀው። ላስቲኩ የላላ ሱሪ፣ ነጠላ ካልሲ፣ ዚፑ የተበላሸ ጃኬት። ሰጪው «ምንም ለሌለው ይሄም ትልቅ ነገር ነው» ብሎ ነው።

እስቲ ጃኬቱን እንከተለው። ባለቤቱ በፌስታል አድርጎ ያመጣዋል። አንድ ተማሪ ተቀብሎ ይመዘግባል። ሌላው ተሸክሞ ማኅበሩ ዘንድ ያደርሰዋል። እዚያ አንዲት በጎ ፈቃደኛ ታወጣዋለች፣ ታራግፈዋለች፣ ኪሱን ትፈትሻለች (የማስቲካ ወረቀት መቼም አይጠፋም)፣ ከዚያ ዚፑን ትስባለች። ግማሽ መንገድ ላይ ቀጥ ይላል። ወደ ታች መልሳ እንደገና ትሞክራለች። እምቢ። አሁን ወይ ከማኅበሩ ገንዘብ አውጥታ ዚፕ ታስቀይራለች፣ ወይ ትጥለዋለች። መጣልም ቢሆን በብዙ ቦታ ወጪ አለው። ስለዚህ ጃኬቱ ከምንም አልተሻለም። እንዲያውም ከምንም አነሰ። ሦስት ሰው ደክሞበት አንድ ልጅ እንኳን አላሞቀም።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። ልክ ነው። ግን ከሃምሳው ሃያው የበሰበሰ ከሆነ፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ መልቀም ግድ ይሆንበታል። ያ ሰው ማን እንደሆነ ስንተርት ትዝ አይለንም።

ቁልፍ የጎደለው ሸሚዝ ወይም ጫፉ የተተረተረ ቀሚስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። መርፌ መያዝ የሚችል ተማሪ ካለ በአሥር ደቂቃ ይድናል። ልዩነቱ ጥገናውን ማን ይሠራዋል የሚለው ላይ ነው። ጠግናችሁ ካመጣችሁት ስጦታ ነው። ሳትጠግኑት ካመጣችሁት ለሌላ ሰው የሰጣችሁት የቤት ሥራ ነው።

«ብዙ ሰበሰብን፣ ተሳካልን»

የትኛው ክፍል ብዙ ኪሎ ያመጣል የሚለውን ውድድር ሁላችንም እናውቀዋለን። ይሟሟቃል፣ ይጨበጨባል፣ ሚዛን ይመጣል። ችግሩ፣ ሰው በኪሎ ሲለካ የሚከብድ ነገር ያመጣል። የአዋቂ ካፖርት፣ መጋረጃ፣ አንዴማ የተጠቀለለ ምንጣፍ መጥቶልን ያውቃል። ማኅበሩ የሚያለብሰው ልጆችን ነው!

ይህ የተማሪዎች ብቻ ስህተት እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ የሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ ከደረሰ በኋላ፣ በኢንዶኔዥያዋ አቼ የእርዳታ ልብስ ባሕር ዳር ተከምሮ ለዝናብና ለፀሐይ ተትቶ ታይቷል። ልብስ በራሱ ተለይቶ፣ ታጥቦና ታጥፎ ልክ ካለው ልጅ ዘንድ አይሄድም። ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቆም ሰው ይፈልጋል።

ውድድሩ ካልቀረ እንዲህ አድርጉት። ማኅበሩን ምን እንደጎደለው ጠይቁ። ከዚያ ለአንዱ ክፍል ካልሲ ብቻ፣ ለሌላው የዝናብ ጃኬት ብቻ ስጡት። ሚዛኑን መልሱት።

«የሚቸገሩት ሕፃናት ናቸው»

ለልገሳ ከሚመጣው ውስጥ የሚትረፈረፈው የሕፃናት ልብስ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የሕፃን ልብስ ሳያልቅ ይጠባል፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ልብስ ደግሞ ሳይጠብ ያልቃል። ጉልበቱ ይሳሳል፣ ክርኑ ይበሳል። ለሌላ የሚተርፍ ነገር አይኖረውም። በዚያ ላይ ትንሿ የሕፃን ቦዲ አንጀት ትበላለች፣ ሰው ገዝቶ ማምጣትም ደስ ይለዋል። ለአንድ ቁመቱ ለተመዘዘ ጎረምሳ ሱሪ ሲገዛ አንጀቱ የሚላወስ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ስለዚህ የሕፃን መደርደሪያው ሞልቶ እየፈሰሰ የጎረምሶቹ ባዶ ይሆናል። የጎረምሳ ጫማማ አይነሳ።

ሌላው ሁልጊዜ የሚጎድለው የውስጥ ሱሪና ካልሲ ነው። የተለበሰ የውስጥ ሱሪ ማንም አይሰጥም፣ መሰጠትም የለበትም። አዲስ ሊገዛ ይገባል። አዲስ ለመግዛት ደግሞ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ ቀጣዩ ስህተት ይመጣል።

«ገንዘብ መስጠት ፍቅር የለበትም»

ልብስ ስንሰጥ እጃችን የነካውን ነገር ስለምንሰጥ ሞቅ ይለናል። ይገባኛል። ማኅበሩ ግን በገንዘብ የጎደለውን ልክ፣ በጎደለው ወቅት፣ በጅምላ ዋጋ ይገዛል። ማጠቢያ ሳሙና፣ መስቀያና የመጓጓዣ ወጪም አለ፤ እነዚህን በፌስታል ይዞ የሚመጣ ሰው አላየሁም። ተማሪዎች ገንዘብ ከሰበሰባችሁ ሁለት ሆናችሁ ቁጠሩ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ምን እንደተገዛበት ለሰጡት ሰዎች ንገሩ። በቃ።

«ስምንት ዓመት የሚል ምልክት ካለው ለስምንት ዓመት ልጅ ነው»

ሁለት የስምንት ዓመት ልጆች ጎን ለጎን አቁሙና እዩ። በዚያ ላይ የአንዱ አምራች ስምንት የሌላው ስድስት ነው። በአውሮፓ የልጆች ልብስ ልክ በአብዛኛው የሚጻፈው በቁመት ነው፦ 110፣ 116፣ 122 እያለ በስድስት ሴንቲሜትር ይጨምራል። ከእድሜ ይልቅ ይሄኛው ብዙ ያግዛል። እኛ የልብስ ሰፊ ሜትር ይዘን ርዝመቱን እንለካና ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፈን ኮሌታው ላይ በመርፌ ቁልፍ እናያይዛለን። አሰልቺ ሥራ ነው። ግን አንዲት ልጅ ሰው ፊት ጠባብ ሱሪ ይዛ ከመታገል ትድናለች።

ለጫማ ደግሞ ከትልቁ ጣት ፊት አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ክፍት ቦታ ይኑር። ሶሉ በአንድ በኩል የተበላ ጫማ የቀድሞውን ባለቤት አረማመድ ይዞ ነው የሚመጣው። አትቀበሉት።

«ታጥቦ መጥቷል፣ ሌላ ምን ያስፈልጋል?»

ሁለት ነገር። አንደኛ፣ በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብና መጽዳት አንድ አይደለም። የልብስ ቅማል እንቁላሉን የሚጥለው ስፌት ውስጥ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል የሚመክረው ቢያንስ 54 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ሙቅ ውሃ ማጠብና በሙቀት ማድረቅ ነው። መታጠብ የማይችለው በፕላስቲክ ታሽጎ ሁለት ሳምንት ይቀመጥ ይላል። ይህን ስል ልገሳው ሁሉ ቅማል አለበት ማለቴ አይደለም፤ ከሀብታም ቤት የመጣም ከድሀ ቤት የመጣም እኩል ይታጠባል ማለቴ ነው።

ሁለተኛ፣ የኮፍያ ገመድ። ሸርተቴ ላይ ወይም የአውቶቡስ በር ላይ ተይዞ ልጆችን የገደለ ነገር ነው። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1996 አምራቾች የልጆች ልብስ አንገትና ኮፍያ ላይ ገመድ እንዳያደርጉ መመሪያ አወጣ። አውሮፓም ተመሳሳይ ደረጃ አለ። ለልገሳ የሚመጣ አሮጌ ጃኬት ግን ይህን አያውቅም። መዝዛችሁ አውጡት፤ ሁለት ሰከንድ አይፈጅም።

«የተቸገረ ሰው አይመርጥም»

ከሁሉ በላይ የምጣላው ከዚህ ጋር ነው።

አንዳንድ ማኅበራት ልብሱን አሽገው በር ላይ ያድላሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ እንደ ሱቅ መስቀያ ላይ ይሰቅሉታል፣ መስታወት ያቆማሉ፣ መጋረጃ ያለው መለኪያ ጥግ ያዘጋጃሉ። የረዳሁት ማኅበር ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ሲቀየር ደርሻለሁ። አንዲት ልጅ ሁለት ጃኬት ይዛ መስታወቱ ፊት ቆመች፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቀይ። ሰማያዊው አዲስ ይመስላል። የቀዩ ክንድ ትንሽ ደብዝዟል። ሰማያዊውን ለበሰች፣ ዞር አለች፣ አወለቀች። ቀዩን ለበሰች። እናቷ «አዲሱን ውሰጂ እንጂ!» አለቻት። ልጅቷ ቀዩን እስከ አገጯ ዘጋችው። ኪሱ ውስጥ እጇን ከታ ወጣች።

ሰማያዊውን በግድ ብንሰጣት ቤት ይቀር ነበር ብዬ እገምታለሁ። ያልተወደደ ልብስ አይለበስም። ድሀም ሆነ ሀብታም ልጅ ከጓደኞቹ መለየት አይፈልግም።

ደግሞስ ችሮታ ነው ያለው ማን ነው? እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 27፣ መንግሥታት በሚያስፈልግበት ጊዜ ቁሳዊ ድጋፍ እንዲያቀርቡ ይጠይቃል። በተለይ ብሎ የሚጠራቸው ምግብ፣ ልብስና መኖሪያ ቤት ናቸው። ልብሱ መብት ከሆነ ሰጪው ደረቱን የሚነፋበት ምክንያት ይቀንሳል።

«ፎቶ ካልተነሳ ማን ያምነናል?»

የተማሪ ክበብ ከሌላ ለጋሽ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ጃኬቱን የሚወስደው ልጅ ነገ ጠዋት ከጎናችሁ ሊቀመጥ ይችላል። ፎቶው በስልክ ከተለቀቀ ክፍሉ ሁሉ ያየዋል። ያው ኮንቬንሽን አንቀጽ 16 ላይ የልጅን የግል ሕይወት ይጠብቃል። «እናቱ ፈቅዳለች» ማለትም ብዙ አያስኬድም። ጃኬቱ ጠረጴዛ ላይ እያለ የተጠየቀች እናት ምን ልትል ትችላለች?

ፎቶ ካስፈለገ የታጠፈውን ክምር አንሱ። መርፌ የያዘውን እጅ አንሱ። ባዶውን መደርደሪያ አንሱ፤ እንዲያውም ከሁሉ በላይ ለጋሽ የሚያመጣው እሱ ነው።

የስም ዝርዝሩም ተማሪ እጅ መግባት የለበትም። ከማኅበሩ ወደ እኛ የሚመጣው ወረቀት «ቁጥር 14፣ ቁመት 146፣ ጫማ 37» ብቻ ይል ነበር። ቁጥር 14 ማን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

«ልብስ ካገኘ ትምህርቱ ይስተካከላል»

በከፊል። ኬንያ ውስጥ በዕጣ ለተመረጡ ተማሪዎች ዩኒፎርም ተሰጥቶ ውጤቱ ተጠንቷል። መጀመሪያ ላይ መቅረት በግልጽ ቀነሰ፣ በተለይ ከነጭራሹ ዩኒፎርም ባልነበራቸው ላይ። ከስምንት ዓመት በኋላ ሲታይ ግን በደረሱበት ክፍልም በፈተና ውጤትም ልዩነት አልተገኘም። ስለዚህ «አንድ ዩኒፎርም ሕይወት ይቀይራል» የሚል ፖስተር አትለጥፉ። ልጁ ዛሬ ክፍል መግባቱ በራሱ ጥሩ ነገር ነው። ፖስተር የማይወጣው ከሆነ ይቅር።

«ተማሪ ምን አቅም አለው?»

ገንዘብ የለውም፣ መኪና የለውም። ግን የትኛው ጫማ እንደሚያስቅ፣ የትኛው ቦርሳ ሦስት ዓመት እንዳለፈበት ያውቃል። የማኅበሩ በጎ ፈቃደኞች ብዙዎቹ የአያት እድሜ ያላቸው ነበሩ። ልባቸው ንጹሕ ነው፤ ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ ግን ጥንቸል የተጠለፈበት ሹራብ ያወጡለታል። «እማማ፣ ይሄን ከሰጠነው ይገድለናል» የሚል ተማሪ ያስፈልጋል።

የተማሪ ድክመት ሌላ ቦታ ነው። ይመረቃል፣ ይሄዳል። ክበቡ በየዓመቱ ከዜሮ ይጀምራል። እኛ ስንወጣ ለተከታዮቻችን ያስረከብነው አንድ ደብተር ነበር። ማን መቼ ይመጣል፣ ማጠቢያው የትኛው ቀን ነፃ ነው፣ ቁልፉ ማን ዘንድ ነው የሚል። የመጨረሻው ገጽ ላይ ዓመቱን ሙሉ ተጠይቀን ያላገኘናቸውን ጻፍን። የወንድ ጫማ 40፣ 41፣ 42። የሴት ልጅ ካልሲ፣ ጥቁር። የዝናብ ጃኬት፣ ቁመት 152፣ ምንም ያልተጻፈበት።