ስለ ዜብራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

«ዜብራ ላይ ከገባሁ መኪናው ይቆምልኛል»

ቅድሚያው የእግረኛ ነው፤ ሹፌሩ ፍጥነት ቀንሶ የማሳለፍ ግዴታ አለበት። ፍሬኑ ግን ቦታ ይፈልጋል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በሰከንድ ወደ 14 ሜትር ይሄዳል። ሹፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት 14 ሜትር አለፈ፤ በደረቅ አስፋልት እስኪቆም ደግሞ ሌላ 14 ሜትር ገደማ ይጨምራል። በ30 ቢነዳ ጠቅላላው 13 ሜትር አካባቢ በሆነ ነበር። ጎንደር ላይ ቁልቁለቱ ይታከልበታል። ከፒያሳ ወደ አዘዞ በሚወርደው መንገድ፣ ሐምሌና ነሐሴ አስፋልቱ ሲረጥብ፣ ጭነት የያዘ አይሱዙ ከዚህ በጣም የረዘመ ርቀት ያስፈልገዋል። ስለዚህ እግርዎን ከማንሳትዎ በፊት ጎማውን ይዩ፦ መዞሩ ሲዘገይና የመኪናው አፍንጫ ዝቅ ሲል ፍሬን ተይዟል።

«አንዱ ከቆመ ሌላውም ይቆማል»

ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህ ነው። ሚኒባሱ ቆሞ ያሳልፍዎታል፤ ከጎኑ የሚመጣው ሹፌር ግን እርስዎን አያይም፣ ሚኒባሱ ጋርዶዎታል። ተሳፋሪ ሊያወርድ የቆመ መስሎት ሊቀድመው ይወጣል። ዜብራ ላይ መቅደም ክልክል ነው፤ ቢሆንም ይቀደማል። ባጃጅ ደግሞ ጠባብ ክፍተት ስለሚበቃት በቀኝም በግራም ትሾልካለች። መፍትሔው አንድ ነው፦ የቆመው መኪና ጠርዝ ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው አንገትዎን አውጥተው ቀጣዩን መስመር ይዩ፣ ከዚያ ይለፉ። ልጅ ይዘው ከሆነ እጁን አጥብቀው ይያዙ፤ ቁመቱ አጭር ስለሆነ በቆመው መኪና ፊት ሲያልፍ አይታይም።

«ሮጦ መሻገር ይሻላል»

አይሻልም። ድንገት ብቅ ያለ ሰው ለሹፌሩ ጊዜ አይሰጠውም፤ በረጠበ ቀለም ላይም እግር ያንሸራትታል። ግራ፣ ቀኝ፣ እንደገና ግራ አይቶ በፈጣን እርምጃ መሄድ ይበቃል። የቅርቡ መኪና የሚመጣው ከግራ ነውና።

«ማታም ነጩ መስመር ያበራል»

የሚያበራው በቀለሙ ላይ የተነሰነሰው ደቃቅ የመስታወት ፍሬ ነው። ፍሬው ሲረግፍ ወይም ውኃ ሲሸፍነው የመኪናው መብራት ተንጸባርቆ ወደ ሹፌሩ አይመለስም። ጥቁር ካፖርት ከለበሱ ሹፌሩ መስመሩንም እርስዎንም ላያይ ይችላል። ነጭ ነጠላ ወይም ጋቢ ከላይ መደረብ በእርግጥ ይረዳል፤ የሞባይልዎን መብራት ወደ መሬት አብርተው፣ የመንገድ መብራት ባለበት ዜብራ ይሻገሩ።