የጣና ዓሣ በጎንደር ጓዳ፦ አስተጣጠብና አበላል

ጎንደር ላይ ሸርጣን እንዴት ይሰበራል ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ አጭር ነው፤ አይሰበርም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውኃ እንስሳ ይከለክላል። የ44ቱ ታቦት ከተማ ደግሞ ይህን ሕግ አትዘነጋም። እዚህ አጥንት የሚያስለቅመው ዓሣ ነው። እሱም 60 ኪሎ ሜትር ገደማ በስተደቡብ ካለችው ጎርጎራ፣ ከጣና ዳር ይመጣል።

ገበያው የሚያውቃቸው ቆሮሶ (ቲላፒያ)፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ናቸው። ቆሮሶ ለጀማሪ ይመቻል። አርጥቦ፣ ጅራቱን ይዞ፣ በቢላዋ ጀርባ ከጅራት ወደ ራስ መፋቅ ነው። በስለቱ የሚፍቅ ሰው ቆዳውን ይቀደዋል። ቅርፊቱ እየፈናጠረ ግድግዳ ላይ ሳይቀር ስለሚለጠፍ፣ ውኃ በሞላ ሳፋ ውስጥ መፋቁ ይሻላል። የጀርባው እሾህ ይወጋል፤ ቀድማችሁ በመቀስ ቁረጡት። ሆዱ ሲሰነጠቅ ቢላዋው ጠልቆ ከገባ ሐሞቱ ይፈርጥና ሥጋው ይመራል። ስንጥቡም፣ ማለትም መተንፈሻው፣ ይወጣል። ስትገዙም እሱን ገልጣችሁ እዩ፤ ደማቅ ቀይ ከሆነ ዓሣው ትኩስ ነው።

አምባዛ ቅርፊት የለውም። ያው የኦሪቱ ሕግ ይነካዋልና አንዳንድ ቤት አይገባም። አስቸጋሪው የሚያሙለጨልጨው ቆዳው ነው። በአመድ ወይም በጨው ካላሹት ከእጅ ያመልጣል። አንገቱ ዙሪያ ይበጣና ቆዳው በፒንሳ ወደ ጅራት ይገፈፋል።

ነጭ ዓሣ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ሥጋው መሃል ፀጉር የሚያህል አጥንት ተበትኖበታል። ፊሌቶ ማውጣትም አያድንም፤ ቀጭኑ አጥንት ከፊሌቶው ጋር አብሮ ይወጣል። መፍትሔው ሁለቱን ጎን ጠጋ ጠጋ አድርጎ መተልተል ነው። ቢላዋው አጥንቱን ይቆራርጠዋል፤ የጋለ ዘይት ያደርቀዋል። ያኔ ከሥጋው ጋር አብሮ ይደቅቃል። ትልትሉ ከተራራቀ ግን ጉሮሮ ላይ ይሰካል።

ጥብሱ የሚበላው በእጅ ነው። ሹካ ነውር አይደለም፤ ግን አጥንት መዳሰስ አያውቅም። ከጀርባ ተጀምሮ ሥጋው በትልትሉ መስመር ይሳባል፣ አዋዜ ይነካና ይጎረሳል። አንዱ ጎን ሲያልቅ መገልበጥ አያስፈልግም። ጭራውን ይዘው ቀስ ብለው ቢያነሱት የጀርባ አጥንቱ ከሥጋው ይላቀቃል። ለልጆች ቆሮሶውን ስጧቸው፤ ነጭ ዓሣውን አዋቂ ይብላው።