ጋርዴኒያ በመስታወት በረንዳ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አራት ኪሎ ያለው ቤቴ በመስታወት የተከለለ ጠባብ በረንዳ አለው። እዚያ ጋርዴኒያ የተባለውን ነጭ አበባ ያለው ቁጥቋጦ ማሳደግ ከጀመርኩ ወዲህ ከጎረቤትም ከችግኝ ሻጭም የማልሰማው ምክር የለም። አብዛኛው በቅንነት የሚሰጥ ነው፤ ተክሉን ግን ይጎዳል።

«አዲስ አበባ ሞቃት ስለሆነች መስታወት አያስፈልገውም።»
ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ከቻይናና ከጃፓን ሞቃት አካባቢዎች የመጣው ይህ ቁጥቋጦ ደግሞ እምቡጥ ለመያዝ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ያለው ሌሊት ይመቸዋል። መስታወቱ ይህን ሁሉ ባይሰጠውም ከውርጭና ከነፋስ ይከልለዋል።

«ፀሐይ በበዛ ቁጥር ይሻላል።»
የተዘጋ በረንዳ እኩለ ቀን ላይ እንደ ምድጃ ይግላል። የጠዋቱን ፀሐይ ይጥገብ፤ ከረፋዱ 5 ሰዓት ጀምሮ ስስ መጋረጃ ይጋረድለት፣ መስኮትም ይከፈትለት።

«ቅጠሉ ቢጫ የሆነው ውሃ ጠምቶት ነው።»
ብዙ ጋርዴኒያ የሚሞተው በዚህ አመለካከት ነው። አዲሱን ቅጠል ወደ ብርሃን ያዙትና እዩት። በጅማቶቹ መካከል ያለው ቢጫ ሆኖ ጅማቶቹ ራሳቸው አረንጓዴ ከሆኑ ያጣው ውሃ ሳይሆን ብረት ነው። ብረቱ አፈሩ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ነገር ግን ጋርዴኒያ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ5 እስከ 6 የሆነ አሲዳማ አፈር ይፈልጋል፤ ኖራ የበዛበት አፈር ብረቱን አስሮ ይይዝበታል። ያን ጊዜ ውሃ ሲጨመርበት ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል።

ኖራው ከየት ይመጣል? የመጀመሪያ ተክሌን ያጣሁት ገና በደረቀ የሲሚንቶ መትከያ ውስጥ ተክዬው ነው። አዲስ ሲሚንቶ ውሃ በጠጣ ቁጥር ኖራውን ለአፈሩ ይለቃል፤ ውሃውን እየቀያየሩ ለሳምንታት መዘፍዘፍ ነበረብኝ። አሁን የምጠቀመው ሸክላ ነው፤ በቀይ አፈርና በበሰበሰ ቅጠል እሞላዋለሁ፣ ኖራ የሌለበትን የክረምት ዝናብም ለማጠጫ በበርሜል አጠራቅማለሁ።

«የከሰል አመድ ማዳበሪያ ነው።»
ለጎመን ሊሆን ይችላል። ለጋርዴኒያ ግን እንደ ኖራው ነው፤ እባካችሁ አትድፉበት።

«የቡና አተላ አፈሩን አሲዳማ ያደርጋል።»
ጋርዴኒያና ቡና የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ስለሆኑ ምክሩ ደስ ይላል። ይሁን እንጂ ተፈልቶ ያለቀ ቡና አሲዱ አብዛኛው በውሃው ወጥቷል። ጥቂቱን ከብስባሹ ጋር ቀላቅሉት እንጂ ብቻውን አትከምሩት፤ ላዩን ደፍኖ ውሃ ያግዳል።

«እምቡጡ የረገፈው ዓይን በልቶት ነው።»
መትከያውን ከቦታ ቦታ ማዘዋወር፣ ደረቅ አየር፣ አንድ ቀን ተጠምቶ በማግስቱ መጥለቅለቅ፤ እምቡጥ የሚያረግፉት እነዚህ ናቸው። እምቡጥ ከያዘ በኋላ ከቦታው አታንሱት፤ ውሃ የያዙ ጠጠሮች በሳህን አድርጋችሁ ከሥሩ አስቀምጡለት። አበባው ከፈነዳ በኋላ ግን ውሃ አትርጩበት፤ ጠብታው ያረፈበት ነጭ ቦታ ቡናማ ይሆናል።