ሁዋን ማዮርጋ፦ ከሒሳብ ክፍል የወጣ ጸሐፌ ተውኔት

ስለ ስፔን ቴአትር ሲወራ ቶሎ የሚነሳው ገጣሚውና ጸሐፌ ተውኔቱ ሎርካ ነው። ዛሬ በሕይወት ካሉት ግን ሁዋን ማዮርጋን ማወቅ ይበጃል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ማዮርጋ በ1965 ማድሪድ ተወለደ። ዩኒቨርሲቲ የተማረው ግን ሒሳብና ፍልስፍና ነው፣ ያውም ሁለቱንም ጎን ለጎን። በ1997 በጀርመናዊው ፈላስፋ በቫልተር ቤንያሚን ሐሳብ ላይ ዶክትሬቱን ሠራ። እንጀራው ደግሞ ማስተማር ነበር፤ ማድሪድና አልካላ ዴ ኤናሬስ ውስጥ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሒሳብ ሲያስተምር ዓመታት አሳልፏል።

ታዲያ አንድ ቀን ፈተና ሲያርም፣ ራሱ እንደሚያወራው፣ አንዱ ተማሪ መልሱን ትቶ «አላጠናሁም፣ ቴኒስ ላይ ግን ጎበዝ ሆኛለሁ» የሚል ነገር ጽፎለት ያገኛል። ሌላ አስተማሪ ቢሆን ዜሮ ሰጥቶ ይገላገል ነበር። እሱ ግን ከዚያች ወረቀት «የመጨረሻው ረድፍ ልጅ» የተባለውን ተውኔት አወጣ (2006)። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ የኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጥ፣ ድምፁ የማይሰማ ልጅ ሒሳብ ላስጠናህ ብሎ የክፍል ጓደኛው ቤት ይገባል። ከዚያ የቤተሰቡን ገመና በድርሰት መልክ እየጻፈ ለሥነ ጽሑፍ አስተማሪው ያቀርባል፤ እያንዳንዱን ድርሰት «ይቀጥላል» ብሎ ይዘጋዋል። አስተማሪው ማስቆም ሲገባው ቀጣዩን ለማንበብ ይቸኩላል። ተመልካቹም ያው ነው፣ የሰው ቤት ማጮለቁን ይወደዋል። ፈረንሳዊው ፍራንሷ ኦዞን ፊልም አድርጎት በ2012 በሳን ሴባስቲያን ፌስቲቫል ዋናውን ሽልማት ወሰደበት።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚከብደው «ሂመልቬግ» ነው። ቃሉ በጀርመንኛ «የሰማይ መንገድ» ማለት ነው። መነሻው እውነተኛ ነው፦ በ1944 ናዚዎች ቴሬዚየንሽታት በተባለ ማጎሪያ ካምፕ የነበሩትን አይሁዶች ደህና የሚኖሩ አስመስለው ለቀይ መስቀል ልዑካን አሳዩ፣ ልዑካኑም ያዩትን አምነው ሄዱ። ማዮርጋ የካምፑን አዛዥ እንደ ቴአትር አዘጋጅ ነው የሳለው። እስረኞቹን ቃለ ተውኔት ያስጠናል፣ ያስደግማል፣ «እዚህ ጋ ፈገግ በል» ይላል። የገዛ ሙያውን እንዲህ ከግፍ ጋር አጠገብ ላጠገብ ማስቀመጥ ድፍረት ይጠይቃል።

እሱ ራሱ ወደ አዘጋጅነት የገባው ዘግይቶ ነው። በ2011 «የቤቱ እብድ» የተባለ ቡድን አቋቋመ፤ ስፔኖች ምናብን እንዲህ ይሏታል። የመጀመሪያ ዝግጅቱ የ16ኛው ክፍለ ዘመን መነኩሲት የአቪላዋ ቴሬሳና አንድ የኢንኩዊዚሽን (መናፍቃንን የሚያሳድደው የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት) መርማሪ በገዳሙ ወጥ ቤት የሚፋጠጡበት ነበር። ሁለት ሰው፣ አንድ ክፍል፣ በቃ። ይህ ተውኔት በ2013 ብሔራዊ የድራማ ሥነ ጽሑፍ ሽልማት አግኝቷል። ቀጥሎ ባዘጋጀው «ሬይኪያቪክ» ደግሞ መናፈሻ ውስጥ የተገናኙ ሁለት ሰዎች አሜሪካዊው ፊሸርና ሶቪየታዊው ስፓስኪ በ1972 በዚያችው የአይስላንድ ከተማ ያደረጉትን የቼዝ ግጥሚያ፣ እናት፣ ሚስት፣ ባለሥልጣን ሁሉ እየሆኑ እንደገና ይጫወቱታል።

ሌላው ቶሎ የሚነገር ነው። በ2018 ለስፔን ቋንቋ አካዳሚ ተመረጠ፤ ሲገባ ያደረገው ንግግር፣ የሚገርመው፣ ስለ ዝምታ ነበር። በ2022 የአስቱሪያስ ልዕልት የሥነ ጽሑፍ ሽልማትን ተቀበለ፣ በዚያው ዓመት ድሮ ቤተ ክርስቲያን የነበረውን የማድሪዱን ላ አባዲያ ቴአትር መምራት ጀመረ። አንድ አመል አለው፦ የታተመ ተውኔቱን እንኳ አይተወውም፣ ልምምድ ላይ ተዋናዩ አንዷ ቃል ላይ ከተደናቀፈ ሰርዞ እንደገና ይጽፋል።