የድሮ ኢሜይልን ወደ አዲስ ኢንስቶል ማዛወር

ኮምፒውተር ፎርማት ሊደረግ ሲል ወይ አዲስ ማሽን ሲመጣ ብዙ ሰው ፎቶውንና ዶክመንቱን ኮፒ ያደርግና ኢሜይሉን ይረሳዋል፣ ምክንያቱም ኢሜይል ፋይል አይመስልም፣ ፕሮግራሙ ሲከፈት ብቻ ነው ሚታየው። ግን ፋይል ነው። ኢሜይል ማንበቢያዎቹ ተንደርበርድም ሆነ አውትሉክ ራሱ ፕሮግራሙ ከኢንተርኔት ወርዶ ይመለሳል፣ ደብዳቤዎቹ፣ አድሬሶቹ፣ ፊልተሮቹና ሴቲንጉ ግን ተለይተው ሌላ ቦታ ነው የተቀመጡት፣ ዊንዶውስ ላይ ብዙ ጊዜ አፕዳታ በሚባለው የተደበቀ ፎልደር ውስጥ። ስለዚ ስራው ፕሮግራሙን ማዛወር ሳይሆን ያን ቦታ ፈልጎ ሙሉውን ይዞ መውጣት ነው።

ከሁሉ በፊት አካውንቱ ፖፕ ነው ወይስ አይማፕ (ኢሜይል ወደ ኮምፒውተር ሚመጣባቸው ሁለት መንገዶች ናቸው) የሚለው ይጣራ። ፖፕ ደብዳቤውን ከሰርቨሩ፣ ማለትም ኢሜይሉን ከሚሰጠው ድርጅት ኮምፒውተር፣ አውርዶ ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀምጣል፣ ሰርቨሩ ላይም ይቆይ ተብሎ ካልተመረጠ እዛ ያለውን ያጠፋዋል፣ ማለትም በዓለም ላይ ያለው ቅጂ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም እናንተ ጋ። አይማፕ ግን ዋናውን ሰርቨሩ ላይ ትቶ ኮምፒውተሩን ከሱ ጋር ያመሳስላል፣ አዲሱ ፕሮግራም ላይ አካውንቱን ስታስገቡ ቀስ እያለ ሁሉም ይመጣል። ሰው ሚዘናጋው እዚ ጋር ነው። «የኔ አይማፕ ነው፣ ምንም አልሆንም» ይልና ዲስኩን ያጸዳል፣ ግን ድሮ ሰርቨሩ ሲሞላበት የቆዩትን ደብዳቤዎች ሎካል ፎልደርስ ወደሚባለው፣ ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ወዳለው ፎልደር፣ ጎትቶ አስገብቷቸው ነበር፣ እነሱ ደግሞ ሰርቨር ላይ የሉም። አንድ የማውቀው ሰው የስድስት ዓመት የስራ ደብዳቤ ያጣው እንደዚ ነው፣ ኢንቦክሱ ሞልቶ ሲመጣለት ደስ ብሎት ነበር፣ የጎደለውን ያወቀው ከሳምንታት በኋላ አንድ የቆየ ውል ሲፈልግ ነው።

ተንደርበርድ ላይ ነገሩ ከሌሎቹ ይቀላል፣ ሁሉም ነገር ፕሮፋይል በሚባል አንድ ፎልደር ውስጥ ስለተሰበሰበ። አፕዳታ ውስጥ ሮሚንግ፣ ከዛ ተንደርበርድ፣ ከዛ ፕሮፋይልስ፣ እዛ ውስጥ ትርጉም በሌላቸው ፊደልና ቁጥሮች የሚጀምር ስም ያለው ፎልደር አለ። ውስጡ «ሜይል» የሚለው የፖፑንና የሎካል ፎልደርሱን ይይዛል፣ «አይማፕሜይል» የሚለው ደግሞ የአይማፑን። ሲከፈት «ኢንቦክስ» የሚል ምንም ኤክስቴንሽን (ከስሙ በኋላ ከነጥብ ጋር የሚመጣው ፊደል) የሌለው ፋይል ይታያል፣ አጠገቡ «ኢንቦክስ ዶት ኤምኤስኤፍ» አለ፣ አንዳንዴም «ኢንቦክስ ዶት ኤስቢዲ» የሚል ፎልደር ይኖራል። ደብዳቤው ያለው ኤክስቴንሽን በሌለው ውስጥ ነው፣ ብዙ ሰው ግን ባዶ ወይም የተበላሸ ፋይል መስሎት ያልፈዋል። ኤምኤስኤፉ ማውጫ ብቻ ነው፣ ቢጠፋም ፕሮግራሙ እንደገና ይሰራዋል። ኤስቢዲው ኢንቦክስ ስር የተፈጠሩትን ንዑስ ፎልደሮች የያዘ ነው፣ እሱ ከተረሳ በስም በስም ለያይታችሁ ያስቀመጣችሁት ሁሉ ይቀራል። ይሄ ኤምቦክስ ሚባለው ፎርማት ተራ ጽሁፍ ነው፣ በኖትፓድ ብትከፍቱት ደብዳቤዎቹ አንዱ ካንዱ ስር ተደርድረው ይታያሉ። ያጠፋችኋቸውም እዛው ውስጥ ናቸው፣ ኮምፓክት በሚለው ትዕዛዝ ፋይሉ እስኪጠረግ ድረስ አይወጡም፣ ስለዚ ከኮፒ በፊት ኮምፓክት ማድረግ መጠኑን ይቀንሳል (ባካፕ ሳይያዝ ግን አይነካ)።

አውትሉክ፣ ማለትም የድሮው ክላሲኩ፣ ሌላ መንገድ ነው የያዘው። ሁሉንም ፒኤስቲ በሚባል አንድ ትልቅ ፋይል ውስጥ ያጭቃል። እስከ አውትሉክ 2002 የነበረው ፎርማት 2 ጊጋ ላይ ይቆም ነበር፣ ከ2003 ጀምሮ የመጣው አዲሱ ፎርማት መጀመሪያ 20 ጊጋ፣ ከ2010 ወዲህ ደግሞ 50 ጊጋ ድረስ ተፈቅዶለታል። ከሱ ጋር የሚምታታው ኦኤስቲ ነው። ኦኤስቲ የሰርቨሩ ቅጂ ስለሆነ ወደ አዲስ ኢንስቶል ወስዶ መክፈት አይቻልም፣ አካውንቱ ሲገባ ራሱ እንደገና ይሰራል። ግን ከ2013 ወዲህ አይማፕ ያለው ሰው «ይሄ ኮምፒውተር ላይ ብቻ» ተብለው የተጻፉት ካሌንደሩና ኮንታክቶቹ እዛው ኦኤስቲ ውስጥ ስለሆኑ ቀድመው ወደ ፒኤስቲ ኤክስፖርት ካልተደረጉ ይጠፋሉ። ሲግኒቸሩም (ከደብዳቤው ስር የሚገባው ስምና አድራሻ) ፒኤስቲ ውስጥ የለም፣ የራሱ ፎልደር አለው።

ኮፒ ሲደረግ ፕሮግራሙ መዘጋት አለበት፣ መዝጋት ሲባል ደግሞ መስኮቱን ብቻ አይደለም፣ ታስክ ማናጀር ውስጥ ገብቶ ከኋላ እየሰራ አለመሆኑን ማየት ነው። እየተጻፈበት ያለ ፋይል ጭራሽ አልገለበጥም ይላል ወይም ግማሽ ሆኖ ይመጣል። ፍላሹ ፎርማት የተደረገው በፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነን አንድ ፋይል አይቀበልም፣ ኤክስፋት ወይ ኤንቲኤፍኤስ ይሁን። ከተገለበጠ በኋላ የሁለቱም ፎልደር መጠን በባይት ይነጻጸር።

አዲሱ ላይ አውትሉክ ከሆነ ፒኤስቲውን መጀመሪያ ከፍላሽ ወደ ዲስኩ አውርዶ ከዛ ከፋይል ሜኑ መክፈት ነው፣ ፍላሹ ላይ እንዳለ ወይ ኔትወርክ ላይ አስቀምጦ መጠቀም ፋይሉን ሊያበላሸው ይችላል። ተንደርበርድ ደግሞ መጀመሪያ ሲከፈት የራሱን ባዶ ፕሮፋይል ይፈጥራል፣ ሰውም «ጠፋብኝ» ብሎ ይደነግጣል፣ የድሮው ግን ካስቀመጣችሁበት አልተነሳም፣ ፕሮፋይል ማናጀር ውስጥ ገብቶ አዲስ ፕሮፋይል ፍጠር ማለትና ፎልደር ምረጥ ሲል እሱን መስጠት ብቻ ነው። አዲስ የተጫነው ቨርዥን ከድሮው ያነሰ ከሆነ ፕሮፋይሉን አልከፍትም ሊል ይችላል፣ እኩል ወይ ከዛ በላይ መጫን ነው መፍትሄው። ፖፕ የሆነ ሰው «ፖፕስቴት ዶት ዳት» የምትለዋን ትንሽ ፋይል ከረሳና ደብዳቤዎቹ ሰርቨሩ ላይም ካሉ ሁሉም እንደገና ወርዶ እጥፍ ይሆንበታል፣ የትኛው ደብዳቤ ቀድሞ እንደወረደ የተመዘገበው እሷ ውስጥ ስለሆነ።

ከዛ ዝም ብሎ ኢንቦክሱን አይቶ መዝጋት አይበቃም። በጣም የቆየውን ደብዳቤ ፈልጉ፣ አታችመንት ያለበትን ክፈቱ፣ የተላኩትን እዩ፣ የየፎልደሩን ቁጥር ከድሮው ጋር አስተያዩ። ይሄ ሁሉ እስኪያልቅና ጥቂት ሳምንት በአዲሱ እስኪሰራ ድረስ የድሮው ዲስክ ባይነካ ነው ሚሻለው።

ፍላሹም ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የተንደርበርድ ፕሮፋይል ውስጥ ሴቭ የተደረጉ ፓስዎርዶችና እነሱን የሚከፍተው ቁልፍ ጎን ለጎን ነው ያሉት፣ ዋና ፓስዎርድ ካልተደረገበት ፎልደሩን ያገኘ ሰው ሁሉንም ማንበብ ይችላል። ኢንክሪፕት የተደረጉ ደብዳቤዎችን የሚፈቱት የግል ቁልፎችም እዛው ውስጥ ናቸው፣ እነሱ ሳይመጡ ደብዳቤዎቹ ብቻ ቢመጡ ዝርዝሩ ላይ ይታያሉ እንጂ አይከፈቱም።