ትክክለኛ ቀለም በስሪ ዲ ሕትመት፦ አጠቃላይ ዳሰሳ ከጎንደር

ስሪ ዲ ሕትመት ዱቄትን፣ ሬዚንን (ሙጫ መሰል ፈሳሽ ፕላስቲክ) ወይም የቀለጠ ፕላስቲክን ንብርብር በንብርብር እየደረደሩ ዕቃ የሚሠሩበት ዘዴ ነው። ትክክለኛ የቀለም አወጣጥ ደግሞ የታተመው ዕቃ በቅርጽ ብቻ ሳይሆን በቀለምም ዋናውን እንዲመስል፣ መምሰሉም በመሣሪያ ተለክቶ እንዲረጋገጥ የሚደረግበት የዚሁ ዘዴ ዘርፍ ነው። ስለ ማሽኖቹ በአማርኛ አልፎ አልፎ ቢጻፍም የቀለሙ ጉዳይ በቅጡ ስላልተሰባሰበ፣ ይህ ዳሰሳ ያሉትን መረጃዎች በአንድ ቦታ ለማኖር ተዘጋጅቷል። የተጻፈው ጎንደር ላይ ነው፤ በስሟ የሚጠራ የአሣሣል ስልት ያፈራች ከተማ ስለ ቀለም ታማኝነት የምትጠይቀው ብዙ ነገር አላት።

ቀለምን መለካት

በአማርኛ የሰው መልክ ሲነገር ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጠቆር ያለ ይባላል፤ የከብትና የፈረስ መልክም ቡላ፣ ዳማ፣ ዳለቻ እየተባለ በጥንቃቄ ይለያል። ይህ ለሰው ለሰው በቂ ነው፤ ለማሽን ግን ጠይም ሲባል የትኛው ጠይም እንደሆነ በቁጥር ሊነገረው ይገባል። ለቁጥሩ መሠረት የሆነው ዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. (በዚህ ዳሰሳ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) በ1931 ያወጣው ሥርዓት ሲሆን፣ በ1976 ደግሞ ቀለምን በሦስት ቁጥሮች የሚገልጸው ሲኢላብ ተከትሏል። አንደኛው ቁጥር ከጥቁር እስከ ነጭ፣ ሁለተኛው ከአረንጓዴ እስከ ቀይ፣ ሦስተኛው ከሰማያዊ እስከ ቢጫ ባለው መስመር ላይ ቀለሙ የት እንደሚገኝ ያመለክታል። በሁለት ቀለሞች መካከል ያለው ርቀት ዴልታ ኢ ይባላል፤ በግርድፉ 1 አካባቢ ሲሆን የለመደ ዓይን በጭንቅ ይለየዋል፣ ከዚያ ከፍ እያለ ሲሄድ ለማንም ግልጽ ይሆናል።

ሁለት ነገሮች በአንድ ብርሃን ሥር አንድ መስለው በሌላ ብርሃን ሊለያዩ ይችላሉ፤ የሚመልሱት ብርሃን በሞገድ ርዝመት አንድ ባይሆንም ዓይን በአጋጣሚ አንድ አድርጎ ስለሚያየው ነው። የጎንደሩን የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ እያሰብን በእጅ ቀላቅለን ካርቶን ላይ የቀባነውን መሬታማ ቢጫ፣ ከታተመ የፕላስቲክ ናሙና ጋር በኤል.ኢ.ዲ. አምፖል ሥር አጠገብ ለአጠገብ ስናስቀምጠው ልዩነት አልታየንም ነበር። ሁለቱንም ይዘን ወደ በረንዳ ስንወጣ ካርቶኑ ሞቅ ያለ ቢጫነቱን እንደያዘ ቀረ፣ ፕላስቲኩ ግን ወደ አረንጓዴ አደላ። ስለዚህ ቀለሙ ትክክል ነው የሚል ሰው በየትኛው ብርሃን እንደሆነ አብሮ መናገር ይኖርበታል።

ቀለምን ለመለካት የሚያገለግለው ስፔክትሮፎቶሜትር የተባለው መሣሪያ በአመዛኙ የታሰበው ለጠፍጣፋ ወረቀትና ለመሰል ገጽ ነው። የስሪ ዲ ሕትመት ገጽ ግን እንደ እርከን የተሠራ ነው፤ ከላይ ሲለካና ከጎኑ ሲለካ ያው ቀለም የተለያየ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል።

የጀሶው ዘመን

የቀለም ስሪ ዲ ሕትመት ታሪክ በጀሶ ይጀምራል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1989 የባለቤትነት መብት የጠየቁበት ዘዴ በስሱ በተነጠፈ ዱቄት ላይ አጣባቂ ፈሳሽ እየነጠበ ቅርጹን የሚያጸና ነበር፤ ዛሬ ለሁሉም ዓይነት ማሽን የምንጠቀምበት ስሪ ዲ ፕሪንቲንግ የሚለው ስም መጀመሪያ የዚሁ የዱቄት ዘዴ ስም ነበር። ፈቃዱን የወሰደው ዚ ኮርፖሬሽን የተባለው ኩባንያ ዱቄቱን በጀሶ ላይ የተመሠረተ አደረገው፣ በ2000 ደግሞ አጣባቂውን ፈሳሽ ራሱን በሲያን (ውኃ ሰማያዊ)፣ በማጀንታ (ሐምራዊ ቀይ) እና በቢጫ ቀልሞ የመጀመሪያውን ባለቀለም ማሽን አወጣ። ኩባንያውን በ2012 ስሪ ዲ ሲስተምስ ገዛው።

ይህ ዘዴ እዚህ ሰፋ ብሎ የቀረበው ስለ ቀለም ያስተማረው ብዙ በመሆኑ ነው። ዕቃው ከዱቄቱ ሲወጣና ብናኙ ሲራገፍለት ቀለሙ የደበዘዘ፣ ፀሐይ የመታው ልብስ የመሰለ ነው። ከዚያ ሱፐር ግሉ ወይም ሰም ሲጠጣ ቀዩ ይደምቃል፣ ሰማያዊው ይጠልቃል፤ የደረቀ ሸማ ውኃ ሲነካው እንደሚጠቁረው ማለት ነው። ምክንያቱ በጀሶው ቅንጣቶች መካከል የነበረው አየር ብርሃኑን በየአቅጣጫው እየበተነ ነጭ ሲያደርገው ቆይቶ፣ ክፍተቱ በሙጫ ሲሞላ መበተኑ መቀነሱ ነው። ይህም ማለት የመጨረሻው ቀለም የሚወሰነው በማሽኑ ብቻ ሳይሆን ሙጫውን በሚያጠጣው ሰው እጅ ጭምር ነው፤ አንዱ ወገን ብዙ ጠጥቶ ሌላው ከቀረበት በአንድ ፊት ላይ ሁለት ዓይነት ቆዳ ይታያል።

ከሥር ነጭ፣ ከላይ ቀለም የሚለው መርሕ ለአገራችን ሠዓሊዎች አዲስ አይደለም። በእንጨት ላይ የተሣሉ ጥንታዊ ሥዕሎቻችን ከቀለሙ ሥር ነጭ የጀሶ ልባጥ አላቸው፤ ብርሃን በስሱ ቀለም አልፎ ከነጩ ላይ ሲመለስ ነው ቀለሙ የሚበራው። የዘመኑ ማሽን መሐንዲሶች የደረሱበትን ነገር የአገራችን ሠዓሊ በእጁ ያውቀው ነበር።

ከዚህ ጎን በ2012 የአየርላንዱ ኤምኮር ተራ ወረቀት እየቆረጠ፣ እያተመና እያጣበቀ የሚሠራ ማሽን አቅርቦ ነበር። በ2018 ደግሞ ኤች.ፒ. በናይለን ዱቄት ባለቀለም ዕቃ የሚያትም ማሽን አስተዋውቋል።

የሬዚን ጠብታ

በአሁኑ ጊዜ ለቀለም ትክክለኛነት ቀዳሚ የሚባሉት በአልትራቫዮሌት ጨረር የሚጠነክር ሬዚን በጥቃቅን ጠብታ የሚረጩ ማሽኖች ናቸው። ስትራታሲስ የተባለው ኩባንያ በ2014 ኦብጄት 500 ኮኔክስ 3ን፣ በ2016 ጄ 750ን አወጣ፤ የኋለኛው በምርጥ ደረጃው የአንድ ንብርብሩ ውፍረት 0.014 ሚሊ ሜትር ነው። ጃፓናዊው ሚማኪ በ2017 ያቀረበው ማሽን 10 ሚሊዮን ቀለም ያወጣል ተብሏል። ስትራታሲስም ለጄ 750 መጀመሪያ 360,000፣ ኋላም ከዚያ የበለጠ ቁጥር ጠቅሷል። እነዚህ ቁጥሮች ማሽኑ ሊቀላቅላቸው የሚችላቸው ውህዶች ብዛት ተደርገው ቢወሰዱ ይሻላል፤ ብዙ ቀለም ማውጣትና የተፈለገውን ቀለም ማውጣት የተለያዩ ነገሮች ናቸውና። በዚህ ረገድ ጄ 750 በ2019 ያገኘው የፓንቶን (መደበኛ የቀለም ናሙናዎችን የሚያወጣ ኩባንያ) ማረጋገጫ የበለጠ ትርጉም አለው፤ ወደ 2,000 የሚጠጉ የታወቁ ቀለሞችን ከናሙናቸው ጋር አነጻጽሮ ማውጣት የሚያስችል ነውና።

የሬዚን ችግሩ ብርሃን ማሳለፉ ነው። በወረቀት ላይ የወደቀ ቀለም ባለበት ይቀራል፤ በሬዚን ውስጥ ግን ብርሃኑ ገብቶ፣ ወደ ጎን ተጉዞ፣ በሌላ ቦታ ይወጣል። በዚህ የተነሣ ቀጭን ጥቁር መስመር ዳሩ ይሟሟል፣ ስስ የሆነ ጆሮ ወይም ጣት ከወፍራሙ ደረት የተለየ ቀለም ይይዛል። በጀርመን የፍራውንሆፈር ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ሥራ ጠብታዎቹን በገጹ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ውስጥም በጥልቀት እያሰሉ መደልደልን አሳይተዋል፤ ከተቋሙ የወጣው ከትልፊሽ የተባለው ሶፍትዌርም ለአኒሜሽን ፊልሞች የሚያገለግሉ የአሻንጉሊት ፊቶችን ለማተም ውሏል። በ2017 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች ብርሃኑ ወደ ጎን የሚሄድበትን መጠን አስቀድሞ አስልቶ የሚያርም ዘዴ አቅርበዋል።

የፋይሉ ዓይነትም ችላ ሊባል አይገባም። በ1987 የወጣውና እስከ ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት ኤስ.ቲ.ኤል. በመደበኛ መልኩ ቀለም አይዝም፤ ቅርጹን ብቻ ነው የሚያውቀው። ቀለም የሚፈልግ ሰው ኦ.ቢ.ጄ.፣ ፒ.ኤል.ዋይ. ወይም ከ2015 ጀምሮ በኩባንያዎች ጥምረት የሚዘጋጀውን ስሪ ኤም.ኤፍ. መጠቀም አለበት። ፋይሉን በኤስ.ቲ.ኤል. ልኮ ቀለሙ የት ጠፋ ብሎ መጠየቅ የተለመደ ስሕተት ነው።

በእጃችን ያለው፦ ፊላመንት

ከላይ የተጠቀሱት ማሽኖች ውድ ናቸው። ለተማሪና ለአነስተኛ ወርክሾፕ የሚቀርበው ፊላመንት የሚባለውን እንደ ክር የተጠቀለለ ፕላስቲክ አቅልጦ የሚደረድረው ማሽን ነው። በዚህ ማሽን ብዙውን ጊዜ ቀለም አይቀላቀልም፤ ፋብሪካው የሰጠው ነው የሚታተመው፣ ባለብዙ ቀለም የሆኑትም አንዱን ቆርጠው ሌላውን ይጎትታሉ እንጂ በመካከላቸው ያለውን አያወጡም። ቢሆንም የሚታየው ቀለም በሠሪው እጅ ነው ማለት ይቻላል። ጋል አድርገውና ቀስ ብለው ያተሙት ያብረቀርቃል፣ ፈጥነው ያተሙት ፈዘዝ ይላል፤ ግድግዳው ሲሳሳ ያሳልፋል፣ ሲወፍር ይጠልቃል። በክረምት እርጥበት የጠጣ ፊላመንት በሚወጣበት የማሽኑ አፍንጫ ላይ እየተንጣጣ ገጹን ሸካራ ያደርገዋል፣ ሸካራ ገጽ ደግሞ ብርሃን ስለሚበትን ያው ቀይ ነጣ ብሎ ይታያል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ጥቅሉን አድርቆ በታሸገ ዕቃ ማኖር የቀለም ጥንቃቄም መሆኑ ሊታወቅ ይገባል።

የፋሲል ግቢ አብያተ መንግሥት ሞዴል በአንድ ቡናማ ፊላመንት ሲታተም ምን እንደሚጎድል ማየት ቀላል ነው። ግንቡ ጠቆር ያለ ቡናማ ድንጋይ ሲሆን፣ የበርና የመስኮት ቅስቶቹ ደግሞ በቀላ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተከፈፉ ናቸው። ቀዩ ክፈፍ ሲጠፋ ግንቡ የማንም ግንብ ይሆናል። ሁለት ጥቅል ብቻ የያዘ ሰው ቡናማውንና ጡብ መሰሉን ቀይ ቢመርጥ፣ ዐሥር የማይገናኙ ደማቅ ቀለሞች ካሉት ይልቅ ወደ እውነቱ ይቀርባል።

ጎንደርና ቅጂ

ጎንደር ከቀለም ቅጂ ጋር ያላት ትውውቅ ከማሽኑ ዘመን ይቀድማል። በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ የዳካር ጅቡቲ ተልእኮ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር በቆየበት ወቅት፣ ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሣሉትን ሥዕሎች ከግድግዳው አንሥቶ ወስዷል፤ በምትካቸው ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለው የተልእኮው ሠዓሊ ቅጂ ሠርቶ አኑሯል። ዋናዎቹ ዛሬ ፓሪስ በሚገኘው የኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው። ሥዕሎቹ የተጎዱ ስለነበሩና በምትካቸው አዲስ ስለተሰጠ ልውውጥ ነው የሚሉ አሉ። ለጎንደር ሰው ግን ዋናው ሄዶ ቅጂው የቀረበት ታሪክ ነው፤ ቅጂ የቱንም ያህል ቢመስል የዋናውን ቦታ ለመውሰጃ ሰበብ እንዳይሆን የምንሰጋውም ከዚህ የተነሣ ነው።

በአንጻሩ ትክክለኛ ቅጂ ዋናውን ከንኪ፣ ከብልጭታና ከሕዝብ ግፊት ሊጠብቀው ይችላል። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ፣ በረድፍ በረድፍ የሚመለከቱት የመላእክት ፊቶች ያሉበት፣ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። በኢትዮጵያ ጥንታዊ ሥዕሎችና ብራናዎች ላይ ከሜርኩሪና ከድኝ የሚገኘው ቀይ፣ ከአርሴኒክና ከድኝ የሚገኘው ቢጫ እና ኢንዲጎ በጥናት ተለይተዋል። የሬዚን ማጀንታና ቢጫ ተቀላቅለው ወደዚያ ቀይ ቢቀርቡም የሚመልሱት ብርሃን ያው አይደለም፤ በሙዚየም አምፖል ሥር የተስማማው በመስኮት ብርሃን ሊጣላ ይችላል። ፎቶውን ሲያነሡ 24 ባለቀለም ካሬዎች ያሉትን መለኪያ ካርድ ከሥዕሉ አጠገብ ማስቀመጥ፣ ነጸብራቁንም በፖላራይዘር (ነጸብራቅን በሚያስቀር የካሜራ ማጣሪያ) ማስወገድ ከሁሉ በፊት የሚደረግ ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ በምትገኘው ከተማ የአልትራቫዮሌት ጨረሩ ከቆላው ስለሚበረታ፣ በውጭ የሚቀመጥ ቅጂ መከላከያ ቅብ ያስፈልገዋል።

በጤናውም ዘርፍ ጥያቄው አለ። እ.ኤ.አ. በ1954 በጤና ማሠልጠኛነት የተመሠረተው አንጋፋው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ፣ ለማስተማሪያ የሚታተም የደም ሥር ሞዴል ቀይና ሰማያዊ ቢሆን ይበቃዋል፤ የቆዳ ሕመምን የሚያሳይ ሞዴል ግን በጠይም ቆዳ ላይ መቅላት ምን እንደሚመስል በትክክል ካላሳየ ተማሪውን ያሳስታል።

እስካሁን ያልተቋጨው ጉዳይ የትኛው ቀለም ይቀዳ የሚለው ነው። የጧፍና የዕጣን ጢስ ለዘመናት የለበሰ ሥዕል ዛሬ የሚታየው ቀለም አንድ ነው፣ ሠዓሊው የቀባው ሌላ ነው። በዚህ ጸሐፊ እምነት በቅድሚያ መታተም ያለበት ዛሬ የሚለካው ነው፤ ጢሱ የተቀነሰለት ግምታዊ ቅጂ ቢሠራ ለብቻው ተለይቶ ይቀመጥ። በሁለቱም ጀርባ ላይ የተለካበት ቀን፣ የነበረው ብርሃንና የተገኘው ዴልታ ኢ አብሮ ቢታተም ተጨማሪ ወጪ የለውም፤ ማሽኑ ፊደሉን ከዕቃው ጋር አንድ አድርጎ ያወጣዋል።